የጥቁር ደን ኩኩ ሰዓት

(በንባብ ቤት ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ስለ ሰዓት አቆጣጠር ስናነብ ከመካከላችሁ አንድ አባት ጥያቄ አቅርበው ነበር። «ዶሮ ሳይሆን ሰዓቱ ራሱ የሚጮህበት አገር አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይስ የልጆች ወሬ ነው?» አሉን። ብዙዎቻችን ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ነገሩ እውነት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ትንሽ ጎጆ የሚመስል ሰዓት አለ። ሰዓት በሞላ ቁጥር የጎጆዋ ላይኛ በር ትከፈትና አንዲት የእንጨት ወፍ ብቅ ትላለች። «ኩኩ! ኩኩ!» እያለች ሰዓቱን ትቆጥራለች። ስትጨርስ ትገባለች፤ በሩም ይዘጋል። ስሙም ከጩኸቷ የመጣ ነው፤ ኩኩ ሰዓት ይባላል።

ዛሬ ስለዚህ ሰዓት እንነጋገራለን። ከየት እንደ መጣ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሲያረጅ ደግሞ ሰዎች እንዴት እየፈለጉ እንደሚሰበስቡትና እንደሚጠግኑት እንነግራችኋለን። እኛ ሁለታችን አንዱን እንጠግናለን ብለን ያጠፋነውንም አንደብቃችሁም። የምንጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው። ከእኛ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚቀድሙ ታውቃላችሁ።

ሰዓቱ የጀርመን ነው። ብዙ ሰው የስዊስ አገር ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። በጀርመን ደቡብ ምዕራብ፣ ከፈረንሳይና ከስዊስ ወሰን አጠገብ፣ ተራራማ አገር አለ። ሰዎቹ ሽቫርትስቫልድ ይሉታል። ጥቁር ደን ማለት ነው። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ይጠቁራል። ብርዱ ከባድ፣ በረዶው ብዙ፣ ለእርሻ የሚሆነው መሬት ግን ጥቂት ነው።

የመሬቱ ነገር እናንተን ሳይገርማችሁ አይቀርም። በዚያ አገር ልማድ የአባት እርሻ ለልጆች ሁሉ አይከፋፈልም ነበር። ቢከፋፈል ለማንም አይበቃምና ጠቅልሎ የሚወርሰው አንድ ልጅ ነው። ያውም ታላቁ ሳይሆን የመጨረሻው ወንድ ልጅ! ታዲያ ሌሎቹ ምን ይብሉ? አንዳንዱ ለወንድሙ ያድራል፣ አንዳንዱ አገር ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ትንሽ ጎጆና ጥቂት የጓሮ መሬት ይይዝና የእጅ ሥራ ይጀምራል። እንጨት እንደሆነ በደጁ ሞልቷል። በዚህ ዓይነት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በጥቁር ደን ውስጥ ሰዓት መሥራት ተስፋፋ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ጥርሳቸው ሳይቀር እንጨት ነበር። ብረትና ነሐስ ውድ ነበርና።

ቆይቶም ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዱ ቤት መዘውር ብቻ ይሞርዳል፣ ሌላው ሰንሰለት ይሠራል፣ ሦስተኛው ሣጥኑን ይገጥማል። የሰዓቱን ፊት በአበባ ሥዕል የሚያስጌጡት ለብቻቸው ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ሴቶች ነበሩበት። ሲያልቅ ደግሞ ነጋዴዎች ከእንጨት በተሠራ መሸከሚያ በጀርባቸው አዝለው ከአገር አገር በእግራቸው ይዞሩ ነበር። የጨው ነጋዴ እንደሚዞረው ማለት ነው፤ ግን አህያ የለም፤ አህያው ሰውየው ራሱ ነው።

ወፏን ሰዓት ውስጥ መጀመሪያ ያስገባት ማን ነው? በብዙ መጽሐፍ ላይ ሸንቫልድ በምትባል መንደር ይኖር የነበረ ፍራንዝ አንቶን ኬተረር የሚባል ሰዓት ሠሪ በ1730ዎቹ ፈጠረው ተብሎ ተጽፏል። ለዚህ ግን ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም ከእሱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1629፣ ፊሊፕ ሃይንሆፈር የሚባል ሰው የአንድ የሳክሶኒ መስፍን ንብረት የነበረ የኩኩ ሰዓት ማየቱን ጽፎ ተገኝቷል። በ1650 ደግሞ አትናሲየስ ኪርኸር የሚባል ቄስ በሙዚቃ መጽሐፉ ውስጥ ኩኩን በወናፍና በቧንቧ እንዴት ማስጮህ እንደሚቻል አስረድቷል። ስለዚህ የጥቁር ደን ሰዎች ወፏን አልፈጠሯትም። ከመሳፍንት አዳራሽ አውጥተው ለተራው ሰው ቤት ያደረሷት ግን እነሱ ናቸው። በእኛ አስተያየት ይህ አያንስም።

ስለ ወፏ አንድ ነገር ጣል እናድርግና እንለፍ። የአውሮፓው ኩኩ የራሱን ጎጆ አይሠራም። እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥሎ ይሄዳል፤ ጫጩቱን የምታሳድገው ያችው የተታለለችው ወፍ ናት። በአውሮፓ ብርድ ሲገባ ደግሞ የሰሐራን በረሃ አቋርጦ ወደ እኛ አህጉር፣ ወደ አፍሪካ ይወርዳል። ጸደይ ሲሆን ተመልሶ እዚያ ይጮሃል። ለእነሱ የኩኩ ድምፅ ብርዱ አለቀ ማለት ነው። ይህችን ድምፅ ዓመቱን ሙሉ ቤታቸው ሊያስቀምጡ መፈለጋቸው ታዲያ ምን ያስደንቃል?

ከ1840ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ በፋብሪካ የሚሠሩ ርካሽ ሰዓቶች ገበያውን ማጥለቅለቅ ጀመሩ። በእጅ የሚሠራው ሰው እየከሰረ ሄደ። በዚህ ምክንያት በ1850 ፉርትቫንገን በምትባለው ከተማ የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሮበርት ጌርቪግ ይባላል፤ ኋላ በእነዚያ ተራሮች ውስጥ የባቡር ሐዲድ ያስዘረጋ መሐንዲስ ነው። ጌርቪግ «አዲስ መልክ ያለው ሰዓት ንድፍ አምጡ» ብሎ ውድድር አወጀ። ፍሪድሪሽ አይዘንሎር የሚባል የሕንፃ ነዳፊ ንድፍ ላከ። ይህ ሰው የባቡር መንገድ ሕንፃዎችን የሚነድፍ ነበርና የሰዓቱን ፊት የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ቤት አስመስሎ ሠራው። ጣራው ሾጣጣ፣ ዙሪያው የወይን ሐረግ። ዛሬ ኩኩ ሰዓት ጎጆ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። አይዘንባኽ በምትባል መንደር የነበረው ዮሃን ባፕቲስት ቤሃ ደግሞ እነዚህን ጎጆዎች ከሠሩት ስመ ጥር ሰዎች አንዱ ነው። በ1862 ገደማ ከአጥንት የተቀረጸ ቆጣሪና የጥድ ፍሬ የሚመስል የብረት ክብደት ያላቸው ሰዓቶች ይሸጥ ነበር።

ጌርቪግ ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ ለእኛ የሚበልጥብን ይኸኛው ነው። በ1852 የአገሩ ሰዎች አሮጌ ሰዓቶችን እንዲሰበስቡለት ጠየቀ። በዚያን ጊዜ አሮጌ የእንጨት ሰዓት ማገዶ ነበር። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ምድጃ ውስጥ ይገባል። እሱ ግን ተማሪዎች ከአያቶቻቸው እጅ ሥራ እንዲማሩ ፈልጎ አስቀመጠው። ያ ስብስብ ዛሬ በፉርትቫንገን የጀርመን የሰዓት ሙዚየም ሆኗል። ማገዶ ሊሆኑ የነበሩት ሰዓቶች አሁን በመስታወት ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢው በዝቷል። ከ1939 እስከ 1945 ከተደረገው ጦርነት በኋላ በጀርመን የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሰዓቱን ለቤተሰባቸው እየገዙ ስለወሰዱ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ጣራ ሥር ተጥሎ የሚገኝ ብዙ ነው። ሰብሳቢዎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከሟች ቤት ጨረታ፣ ከጎተራ እየፈለጉ ያወጡታል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ወፏን እንዳይመስላችሁ። ሰዓቱን አዙሮ ጀርባውን ነው የሚያየው! ፊት ለፊት ያለው ሚዳቋና የአዳኝ ጠመንጃ፣ የተንጠለጠለው ጥንቸል ሁሉ ዓይን ይስባል። እውነቱ ያለው ግን ከኋላ ነው። እንጨቱ እኩል ጠቁሯል ወይ? ምስማር ኖሮበት የተነቀለበት ቀዳዳ አለ ወይ? ሞተሩ ለዚህ ሣጥን የተሠራ ነው ወይስ ከሌላ ሰዓት ወጥቶ የገባ ነው? የአንዱ ሣጥን ከሌላው ሞተር ጋር ከተገጠመ ሰብሳቢዎች «የተጋባ» ይሉታል፤ ዋጋውም ይወርዳል። በበሬ ገበያም እኮ ጥርሱን ሳያይ የሚገዛ የለም።

አሁን ወደ እኛ ነገር እንመለስ።

በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን አንድ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ተምረው ሲመለሱ ቤት ያከራይዋቸው የነበሩ አሮጊት ባልቴት አንድ ኩኩ ሰዓት ሰጥተው ሸኟቸው። ሰዓቱ መምህራችን ቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ቆሞ ኖረ። ቆጣሪው አይሄድም። ሰንሰለቱ በእጅ ሲሳብ ወፏ ትወጣለች፤ ግን የመጀመሪያውን «ኩ» ትልና ሁለተኛው ላይ «ፉፍ» ብላ ትቀራለች። እንደታመመ ሰው ትተነፍሳለች እንጂ ድምፅ የለም።

እኛ ሁለት ተማሪዎች፣ ገና ጢማችን ያልበቀለ፣ ራዲዮ ፈትተን ገጥመን የምናውቅ፣ «ጋሼ፣ እኛ እንጠግነዋለን» አልን። እሳቸውም አመኑን።

የመጀመሪያውን ጥፋት የፈጸምነው ሰዓቱን ሳንፈታው ነው። ከግድግዳው አውርደን በጀርባው አስተኛነው። ሰንሰለቱ ከጥርሱ ላይ ሾልኮ ወደ ውስጥ ወደቀ። ኋላ እንደተረዳነው ኩኩ ሰዓት ሲጓጓዝ መጀመሪያ ክብደቶቹ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ከሣጥኑ ሥር በሰንሰለቶቹ ቀለበት ውስጥ ሽቦ ተላልፎ ይታሰራል። ተወዛዋዡም ይወልቃል። የበሯም መቀርቀሪያ ይዘጋል። ይህንን ሳናደርግ ቀርተን ሰንሰለቱን መልሶ ለማስገባት በወረንጦ አንድ ማታ ሙሉ ስንታገል አደርን።

ሁለተኛውን ደግሞ ብንናገር ያሳፍራል። ሰዓቱ የቆመው ደርቆ ነው ብለን የወጥ ዘይት አፈሰስንበት። ለሁለት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሙጫ ሆኖ ጭራሽ ተቆለፈ። መርካቶ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድነው። ከፍተው አሸተቱት። «ልጆች፣ ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው» አሉን።

ሽማግሌው ግን አላባረሩንም። በርጩማ ሰጡንና አስተማሩን። የሰዓቱ አሠራር እንዲህ ነው።

ከሣጥኑ ሥር ሁለት የብረት ክብደቶች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። በየቀኑ የሚሞላ ትንሽ ሰዓት ከሆነ አንዱ ክብደት 275 ግራም ያህል ነው፤ በሳምንት አንዴ የሚሞላው ትልቁ ግን እስከ 1500 ግራም ይደርሳል። አንደኛው ክብደት ሰዓቱን ያስኬዳል፣ ሁለተኛው ወፏን ያስጮሃል። ክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ሰንሰለቱን ይስባል፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ያለውን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ሌላውን፣ ያም ሌላውን ያዞራል። የሚይዘው ባይኖር ክብደቱ ባንዴ ዘጭ ብሎ ይወርድ ነበር። የሚይዘው ሁለት ቀንድ ያለው መንጠቆ ነው። ተወዛዋዡ ወደ ግራ ሲሄድ መንጠቆው አንድ ጥርስ ይለቃል፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላውን ይይዛል። «ጢክ፣ ታክ» የምትሉት ድምፅ ይህ ነው። በተወዛዋዡ ዘንግ ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ቅጠል አለ። ቅጠሉን ወደ ታች ስትገፉት ሰዓቱ ይዘገያል፤ ወደ ላይ ስትገፉት ይፈጥናል። ልጆች ዥዋዥዌ ሲጫወቱ አይታችሁ የለም? ገመዱ ሲረዝም ቀስ ይላል።

የሚጮኸውስ? እዚህ ላይ ነው ደስ የሚለው። በሣጥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ቧንቧዎች ቆመዋል። በእያንዳንዱ ቧንቧ አናት ላይ ወናፍ አለ። አዎን፣ የምታውቁት የቀጥቃጭ ወናፍ፣ ግን የክብሪት ሣጥን የሚያህል። ሽቦ ወናፉን ከፍ ያደርገውና ይለቀዋል። ሲወርድ አየሩ በቧንቧው ፉጨት ሆኖ ይወጣል። አንደኛው ቧንቧ ቀጭን ድምፅ፣ ሁለተኛው ወፍራም ድምፅ አለው። ቀጭኑ «ኩ»፣ ወፍራሙ «ኩ»። ወፏ ራሷ አትጮህም፤ ጎንበስ ቀና ብቻ ናት። መዝሙሩ የወናፍ ነው።

ስንት ጊዜ እንደምትጠራ የምታውቀው ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ምልክት በተቆረጠበት አንድ መዘውር ነው። ጉድጓዶቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። መንጠቆ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ይቆማል። ለአንድ ሰዓት ጉድጓዱ ቅርብ ነው፣ ለአሥራ ሁለት ሩቅ ነው። ነገር ግን ይህ መዘውር ቆጣሪውን አያይም። ተራውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሰው ቆጣሪውን እንዳሻው ካዞረ ፊቱ ሦስት እያሳየ ወፏ ሰባት ትጠራለች። ትልቁን ቆጣሪ ወደፊት ብቻ እያዞሩ፣ በየሰዓቱና በየግማሹ ወፏ እስክትጨርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተዛባም በብዙዎቹ ሰዓቶች ላይ ትንሹን ቆጣሪ ብቻውን ገፍቶ ወፏ የጠራችው ቁጥር ላይ ማድረስ ይቻላል። (ልብ በሉ፤ ወፏ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምትጠራው። እኩለ ቀን ላይ እኛ ስድስት ሰዓት ስንል እሷ አሥራ ሁለት ጊዜ ትጮሃለች። መምህራችን ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ያጨቃጭቅ ነበር።)

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ደብተር ያላችሁ አውጡ። ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ፤ 78 ይመጣል። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ትጠራለችና 12 ጨምሩበት፤ 90 ሆነ። ይህ የግማሽ ቀን ነው። ለሙሉ ቀን 180። በ365 ቀን ስናበዛው በዓመት 65,700። ሰዓቱ ሳይቆም መቶ ዓመት ቢኖር 6,570,000 ጊዜ! ያን ሁሉ ጊዜ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው የወናፉ ስስ ቆዳ ነው። እንግዲህ ቢቀደድ ይፈረድበታል? በመምህራችን ሰዓት ላይ የወፍራሙ ድምፅ ወናፍ መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርተን ከኋላው ስንይዝ ብርሃኑ እንደ ወንፊት አለፈ።

ሽማግሌው በመጀመሪያ ሞተሩን አስፈትተው የኛን የወጥ ዘይት በቤንዚን አስጠረጉን። የመዘውሮቹ ዘንግ ጫፍ የሚገባባቸውን የነሐስ ቀዳዳዎች አሳዩን። ቆሻሻና ዘይት ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ክቡ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ይሞላለታል። ዘንጉ ያዘነብላል፤ ጥርስና ጥርስ በደንብ አይነካከስም። ሰዓቱ የቆመበት ዋናው ምክንያት ይህ ነበር። ሁለቱን ቀዳዳዎች አስፍተው ትንንሽ የነሐስ ቀለበት ደፈኑባቸው። ከዚያ የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጠብታ፤ ከዚያ በላይ የለም። ጥርሱና ሰንሰለቱ ዘይት አይነካውም።

«አዲስ ወናፍ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል» አሉን ሽማግሌው። «ርካሽ ነው። ድምፁም ይጠራል። ግን ያን ጊዜ የሚጮኸው ይህ ሰዓት አይሆንም። የእኔ ምክር እንጨቱን ተዉት፣ ቆዳውን ብቻ ለውጡ።» እኛም በዚህ ተስማማን። የአሮጌ ዕቃ ጠጋኞች የሚከራከሩበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። አንዱ «ይሥራ እንጂ ምን ቸገረኝ» ይላል። ሌላው «አሮጌው እጅ የሠራውን በተቻለ መጠን አትንካ» ይላል። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን፤ በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ በደንብ አልገባንም ነበር።

ወናፉን ይዘን ወደ መኝታ ክፍላችን ሄድን። አሮጌው ቆዳ የተጣበቀው ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ በሚሠራ ኮላ ነው። ይህ ኮላ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ ኋላ የሚመጣ ጠጋኝ አይቸገርም። ለብ ባለ ውሃ የነከርነውን ጨርቅ ጣል አደረግንበት። ጥቂት ቆይቶ ቆዳው ያለ ችግር ተላጠ። ከሥሩ የደረቀ ኮላ ቡናማ ሆኖ እንጨቱን ሸፍኖት ነበር። አንዳችን ጨርቁን ይዞ ፈገግ እያለ ጠረገው። ሲጠርግ ሌላችን «ቆይ፣ ቆይ! ምን አለ እዚያ?» አለ።

ጽሑፍ ነበር። በእርሳስ የተጻፈ፣ ሁለት መስመር። የተጻፈው በኮላው ላይ ነበርና ኮላው ሲሟሟ አብሮ ሄደ። ወደ መብራት ስናስጠጋው የቀረው የአንድ ፊደል ጭራና «19» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ከ19 ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ጨርቁ ላይ ናቸው። ጨርቁን ዘርግተን አየነው፤ ግራጫ እድፍ ነው።

በማግስቱ ለሽማግሌው ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሥራቸውን ሲጨርሱ ቀኑንና ስማቸውን ውስጡ እንደሚጽፉ፣ ወይም በመርፌ እንደሚጭሩ ያን ቀን አስረዱን። ሰብሳቢዎች ይህንን ጽሑፍ ከሰዓቱ እኩል ይፈልጉታል። አንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደታመመና ማን እንዳዳነው የሚታወቀው በእሱ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ጠጋኝ ሰዓት ሲከፍት መጀመሪያ ብርሃን ይዞ እያንዳንዱን ጥግ ያያል፤ ያየውን ይጽፋል ወይም ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ጨርቅ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ነበር።

ወናፉን ጨረስነው። የግልገል ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ድረስ ቆዳ ሠሪ አስፋቅን። የመጀመሪያው ወፍራም ስለነበር ወናፉ ቶሎ አልወርድም አለ፤ ድምፁም እንደ ሰካራም ተጎተተ። ሁለተኛው ተሳካ። ሰዓቱን መልሰን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ስንሰቅለው ውሃ ልክ አልተጠቀምንም፤ ጆሮ ይበቃል። «ጢክ ታክ» የሚለው እንደ ደህና ሰው እርምጃ እኩል ሲሆን ሰዓቱ ቀጥ ብሏል። እንደሚያነክስ ሰው «ጢክታክ… ጢክታክ» ካለ ጠሟል፤ ግራ ወይም ቀኝ መግፋት ነው። ጠሞ ከተተወ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል።

አሥር ሰዓት ላይ ወፏ ወጣች። በእሷ አቆጣጠር አራት ነውና አራት ጊዜ ጠራች። ወፍራሙ «ኩ» ትንሽ ይሻክራል፤ ግን አለ። መምህራችን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«ይህንን ድምፅ መጨረሻ የሰማሁት እሳቸው ቤት ነው» አሉ። «ባልቴቲቱ፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ሰዓቱን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር አጫውተውኛል። አንድ ጊዜ ጠግነው ሲጨርሱ ለእኔ አንድ ቃል ውስጡ ጻፉልኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ሲከፈት ታነቢዋለሽ አሉኝ ብለው ይስቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም። አገኛችሁት?»

እርስ በርሳችን ተያየን። መዋሸት ይቻል ነበር። «አልነበረም» ብንል ማን ያውቅብናል?

«አግኝተነው ነበር ጋሼ» አልን። «ሳናነበው በጨርቅ ጠረግነው።»

ብዙ ሰዓት ዝም አሉ። ግማሽ ሰዓት ሆኖ ወፏ አንድ ጊዜ ወጥታ እስክትገባ ድረስ አልተናገሩም። አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ከዚያ ተነሥተው ከጠረጴዛቸው እርሳስና ወረቀት አመጡ። «በሉ እንግዲህ፣ እናንተም ጻፉ» አሉን። «የሠራችሁትንም፣ ያጠፋችሁትንም።»

ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፍን። ሁለት ቀዳዳ መደፈኑን፣ የአንድ ወናፍ ቆዳ መለወጡን ጻፍን። የወጥ ዘይቱንም አልዘለልነውም። ከሥሩም «በወፍራሙ ድምፅ ወናፍ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሁለት መስመር ነበር፤ ‹19› የሚለው ብቻ ቀርቷል፤ ሌላውን ሳናነበው አጥፍተናል» ብለን ሁለታችንም ስማችንን አኖርን። መምህራችን አንብበውት አጠፉትና በሰዓቱ የጀርባ ክዳን ውስጥ፣ ሽቦዎቹን በማይነካበት ጥግ፣ በእጃቸው አስገቡት።